አምስተኛው ለምን

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ለምን» ነው። ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሉታል፤ ጀርባውን ሲሰጥ ግን «ለምን ዛሬ ከረባት አደረገ»፣ «ለምን ተቆጣ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አዲስ የሚቀጠር መምህር ሁሉ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲሰማ የተጠየቀ እየመሰለው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ይመልስላቸዋል። እሱ ስሙን ያውቀዋል፤ አይከፋበትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ይኮራበታል።

የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ሃያ አራት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ቆይቷል፤ አሥራ ሰባቱን ያስተማረው ደግሞ በአንድ ክፍል ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለው፣ አንዱ መስኮት መስታወቱ ረግፎ በካርቶን በተደፈነው። ሌላው መምህር ያንን ክፍል በአፍንጫው ምክንያት ይሸሸዋል። እሱ ግን እዚያ ወንበሮቹን ክብ አድርጎ ቢደረድር የሚያፈርስበት ስለሌለ ወዶት ቀረ።

ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፋቸው ሦስት ደንቦች ተለጥፈዋል። መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቃል። የተጠየቀ ሳይመልስ አይታለፍም። መምህሩ አይመልስም፣ ጣልቃም አይገባም። ከነዚህ ሌላ «አምስቱ ደረጃ» የሚለው ነገር አለው። አንድ ነገር ገባኝ ከማለትህ በፊት አምስት ጊዜ «ለምን» እያልክ ወደ ታች ውረድ ይላል፤ አራተኛው ላይ የቆመ ሰው ለእሱ ከነጭራሹ እንዳልጀመረ ነው። ውይይት ሲከፍት ጠመኔውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያስቀምጣል። ጠመኔው እዚያ እስካለ ድረስ መድረኩ የልጆቹ ነው። ያነሳው እንደሆነ አበቃ፤ የጀመረው ሰው እንኳ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዝም ይላል።

የሒሳቡ መምህር «ላለማስተማር ያመጣው ዘዴ ነው» ይል ነበር። ቅናት ነው። በዚያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ሲከራከር ታይቷል። ልጆች ቤታቸው ገብተው አባታቸውን «ለምን» ብለው ጠይቀው ኩርኩም ቀምሰዋል፤ በነጋታው ግን ደረታቸውን ነፍተው መጥተው ተናግረዋል። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ልንወስድበት አንችልም። የበደለው በሌላ ነው።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ተማሪዎቹ በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ «ጮክ ብዬ የማልጠይቀው ጥያቄ» የሚል ርዕስ አድርገው አንድ ጥያቄ ይጽፉለታል። ደብተሮቹን ተሸክሞ ቤቱ ይወስዳል፤ ያነባል፤ ከሥር እንደ ልማዱ መልስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ጽፎ ሰኞ ይመልሳል። ለማንም አይናገርም። ይህን ቃል የገባላቸው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቃሉንም አንድ ጊዜ እንኳ አጉድሎ አያውቅም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ልጅ መካከል ዓይኑ የገባችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ልጆቹ «ሸንበቆ» ይሏታል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከሌሎቹ እኩል ነበረች፤ ሲከፈት በአንድ ራስ በልጣቸው ተገኘች። ጥያቄ አያያዟ ለጉድ ነው። ሰው ይናገራል፣ እሷ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትሰማለች፤ ከዚያ ትንሽ፣ ለስላሳ የምትመስል ጥያቄ ወርወር ታደርጋለች፤ ተናጋሪው መቆሚያ ያጣል። «ሃያ አራት ዓመት የጠበቅኩት ይቺን ልጅ ነው» ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል።

አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው ትል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ወደብ ደርሶ፣ ነገ በእንዲህ ያለ በረሃ አልፎ እያለች የምታወራውን ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ከበው ይሰሟታል። የጂኦግራፊው መምህር ስለ ወደቦች ሲያስተምር «እስቲ አንቺ ጨምሪበት» ይላታል። በአንድ ዓርብ ግን ደብተሯ ላይ እንዲህ የሚል ጽፋ አገኘ፦ «አባቱ የታሰረ ልጅ ‹አባትህ የት ነው› ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ?» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «መጋዘን ጠባቂ ነበር። የሰረቁት ሌሎች ናቸው። ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ሹፌር አይደለም። ለማንም አይንገሩብኝ» ይላል።

መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። አንድ የሚያጽናና ነገር፣ «አይዞሽ» እንኳ ሊጽፍ ቃጣው። ግን ደንብ ደንብ ነው ብሎ፣ «ልጁ የመመለስ ግዴታ ያለበት ይመስልሻል? ለምን?» ብሎ ጻፈላት። ጎበዝ ጥያቄ መሰለው። ሰኞ ደብተሯን ስትቀበል ገልጣ አየችውና ፈገግ አለች፤ ምስጢሯን ሰው ዘንድ እንዳስቀመጠች ቆጥራ መሄዷ ነው።

በዚያ ዓመት ዳይሬክተሯ አዲስ የአለባበስ ደንብ አወጡ። የሴት ተማሪ ቀሚስ ከጉልበት በታች አራት ጣት፣ ጫማ ጥቁር ብቻ፣ ሹራብ የትምህርት ቤቱ ብቻ። ለዘበኛው የሚለካበት ማስመሪያ ተሰጠው። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ማስመሪያውን ይዞ የሴት ልጅ ጉልበት ላይ ማጎንበስ ሞት መሰለው። ቢሆንም ሥራው ነውና ይለካል፤ ያጠረባትን ይመልሳል። ሸንበቆ ስትመጣ ብቻ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማይ ያያል። «ደመና እየቆጠርኩ ነው» ይላታል፤ እሷም ሳቅ ብላ ሹልክ ትላለች። የግራጫ ቀሚሷ የታችኛው እጥፋት ሦስት ጊዜ ተተርትሮ የተለቀቀ ነው፤ ዱሮ የታጠፈባቸው ቦታዎች እንደ ደብተር መስመር ጠቆር ጠቆር ብለው ይታያሉ። እንዲያም ሆኖ ጉልበቷን አይሸፍንም።

ወላጆች ማጉረምረም ሲጀምሩ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁለት ሱፐርቫይዘሮች ሊመጡ ሆነ። ዳይሬክተሯ መምህሩን ቢሯቸው አስጠሩት።

«መምህር፣ ተማሪዎቻችን በደንቡ ላይ በሥነ ሥርዓት መወያየት እንደሚችሉ እንዲያዩልን እፈልጋለሁ» አሉት። «ያንን የአንተን ክብ ነገር አሳያቸው። ማን ያውቃል፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ምሳሌ ትሆናለህ።»

የልብ ልብ ተሰማው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከኋላው ተቀምጦለት አያውቅም። ያን ሳምንት የካርቶኑን መስኮት አዲስ ካርቶን አለበሰው፤ ሦስቱን ደንቦች በአዲስ ወረቀት ገለበጠ፤ ከረባቱን ሚስቱ ተኮሰችለት።

በቀኑ ሁለቱ እንግዶች ከዳይሬክተሯ ጋር ከክቡ ውጭ ተቀመጡ። አንዱ ፋይል የታቀፈ ሰውዬ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰዓቱን ያያል። ሌላዋ መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ እሷ ብዕሯን ከፍታ ጠበቀች። መምህሩ ዕጣ አስወጣ። ግማሹ ደንቡን ሊደግፍ፣ ግማሹ ሊቃወም። ለሸንበቆ መቃወም ደረሳት። ልጆቹ «ጠበቃው» ለሚሉት፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለሚለብሰው ልጅ መደገፍ ደረሰው። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ እሱም ደንቡን አይወደውም ነበር። መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠ።

ውይይቱ እንደ ልቡ ሄደለት። ሸንበቆ ዛሬ ብሶባታል።

«ደንቡ አራት ጣት ይላል» አለች። «የማን ጣት? የኔ ነው የጋሼ ዘበኛ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ ዳይሬክተሯም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተጠየቀ ተማሪ ታውቃለህ? አንድ ብቻ ጥራልኝ» አለችው ጠበቃውን።

«አላውቅም።»

«ቀሚሴ ሲያጥር አንተ ሒሳብ ይጠፋብሃል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚጎዳው?»

ጠበቃው ላቡ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን በእንግዶች ፊት አፉ መዘጋቱ አናደደው። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ደንቦች ወረወረ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«እሺ አሁን እኔ ልጠይቅ» አለ። «ስለ ቀሚስ እናውራ ካልሽ፣ የአንቺስ ቀሚስ ለምን አጠረ?»

«ስለረዘምኩ ነዋ።»

አሁንም ሳቅ። ደግ ሳቅ ነበር፤ እሷም አብራ ሳቀች።

«ለምን አታስረዝሚውም?»

«ሦስት ጊዜ ተተርትሯል። ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ እጥፋት የለውም» ብላ ቀሚሷን ጠርዙን ይዛ አሳየችው።

«ለምን አዲስ አይሰፋልሽም?»

እዚህ ላይ ቆም አለች። ቀና ብላ አየች፤ ጠበቃውን ሳይሆን መምህሩን። ልጆቹ ይህን አላስተዋሉም፤ እሱ ግን አስተውሏል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ከሁሉም ቀድሞ አውቋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ደብተሯን ያነበበ ሌላ ሰው የለም። ጠመኔው ከትንሽ ጣቱ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ጣቱ ተንቀሳቀሰ። በዚያችው ቅጽበት ዓይኑ ከክቡ ውጭ ሄደ። ሰውዬው ሰዓቱን ማየት ትቷል። መነጽር ያደረገችው ሴት መጻፏን አቁማ ወደፊት ጠጋ ብላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ልጅቷን ታያለች። መምህሩ እንዲህ ያለ ፊት ሃያ አራት ዓመት በሕልሙ ሲያይ ኖሯል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«እናቴ ብቻዋን ናት፤ አሁን አትችልም» አለች ሸንበቆ ዝግ ብላ።

«አባትሽ የረጅም መንገድ ሹፌር አይደል እንዴ? ለምን እሱ አይገዛልሽም?»

«አይልክልንም።»

«ለምን?»

ዝም አለች። የተጠየቀ ሳይመልስ አይታለፍም። ሠላሳ ስምንቱ ልጆች መምህራቸው እንዳስተማራቸው በትዕግሥት ጠበቁ። ዝምታን አትፍሩት፣ መልስ የሚወለደው እዚያ ውስጥ ነው ብሏቸው ነበር። ከመጸዳጃ ቤቱ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። ሸንበቆ አንድ ጊዜ በሩን አየች፤ ከዚያ እንደገና መምህሩን አየች። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

«እስር ቤት ስለሆነ» አለች።

ከዚያ ከወደ መስኮቱ አንዱ፣ ተራውንም ሳይጠብቅ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ወደብስ?» አለ።

አሁን የተነሣው ሳቅ የቅድሙ ዓይነት አልነበረም። ሸንበቆ አላለቀሰችም። ቁጭ አለችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጉልበቷ ጎተተችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ጎተተችው። ጠበቃው አፉ እንደተከፈተ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን አነሳ።

«ዛሬ» አለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ዛሬ አምስተኛው ደረጃ ደርሰናል።» እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ቤቱ ሲገባ ገና አልመሸም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛዋ ክፍል የእሷ መኪና፣ የእሷ መቀስ፣ በገመድ ላይ የተሰቀሉ የእሷ ልብሶች ናት። የዚያኑ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ ዓመታት አልፈዋል። መምህሩ ከረባቱን እየፈታ፣ ሳይቀመጥ ወሬውን ጀመረ። ሴትየዋ እጁን ጨብጣ «እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም» እንዳለችው፣ ዳይሬክተሯ እንዴት እንደተኩራሩ፣ ልጆቹ እንዴት አምስቱንም ደረጃ እንደወረዱ። «እስር ቤት» ያለችው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለፈው።

ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

«ልጅቷ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች?»

«ተቀመጠች።»

«አንተ አባቷ መታሰሩን ታውቅ ነበር?»

«ደብተሯ ላይ ጽፋልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደንቡ ነው። መምህር ጣልቃ አይገባም።»

«ደንቡን ያወጣው ማነው የኔ ጌታ? አንተው አይደለህ? ለምንድን ነው ያወጣኸው?»

«ልጆቹ በራሳቸው እንዲያስቡ።»

«ልጅቷ ያን ሰዓት ምን ስታስብ ነበር?»

የተሸከመውን ቦርሳ አስቀመጠና መልሶ አነሳው።

«ጠመኔውን ለምን አላነሳህም?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ ሰው ልክ ሲወስድ እንደሚጠይቀው ዓይነት ነው።

«ሴትየዋ...» አለ። «ሴትየዋ መጻፏን አቁማ ነበር። እያየችን ነበር።»

የራሱን ቃል ሰማው። ሚስቱም ሰማችው። ከዚህ በታች ሌላ ደረጃ የለም። ሚስቱ «ቁመቷ የት ድረስ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ በእጁ አሳያት። መቀሷን አነሳችና ከግራጫው ጣቃ ላይ ለካች።

በነጋታው የሸንበቆ ወንበር ባዶ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ባዶ ነበር። ወሬው ገና በውይይቱ ዕለት ከምሳ በፊት ትምህርት ቤቱን አዳርሶ ኖሯል፤ የጂኦግራፊው መምህር እንኳ «እኛን ጉድ ሠራችን» እያለ ሲስቅ ተሰማ። መምህሩ ወደ ዳይሬክተሯ ገባ።

«ትጠራልኝ» አለ።

«ማንም አልከለከላትም» አሉት ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ቀሚሷ አጭር መሆኑን በገዛ አፏ ተናግራለች። አስተካክላ ትምጣ።»

ጠበቃውም ሊያናግረው መጥቶ ነበር። ሁሉም ከወጡ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ደንቡን ነው የተከተልኩት» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። መምህሩ «አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

ቀሚሱ አልቆ በወረቀት ተጠቅልሎ ገበታው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ በየቀኑ «አልወሰድክላትም?» ትለዋለች፤ እሱ በየቀኑ «ትመጣ ይሆናል» ይላል። አትመጣም፤ ያውቀዋል። ግን ቤቷ ሄዶ ምን ብሎ ይግባ? ሰውን ሁሉ በጥያቄ ሲያፋጥጥ የኖረ ሰው አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት መቆም ፈራ። እንዲህ እያለ አንድ ወር ሞላው።

ከዚያ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተሯ በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ አነበቡት። ዘዴው ለሌሎች መምህራን ሥልጠና እንዲሰጥበት ተመርጧል፤ የዚያን ቀኑ ክፍለ ጊዜም በመምህራን መምሪያ መጽሐፍ ላይ በምሳሌነት ይታተማል። «በተለይም አንዲት ተማሪ ያለ አንዳች ፍርሃት የግል ሕይወቷን ለክፍል ጓደኞቿ ማካፈሏ የዘዴውን ውጤታማነት ያሳያል» ይላል። ስለ ቀሚሱ አራት ጣት ግን ደብዳቤው አንድም ቃል የለውም፤ ደንቡ እንዳለ ነው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ሲወጣ በሩ ላይ ዘበኛውን አገኘው። ማስመሪያው በብብቱ ሥር ነው።

«አባባ፣ ያቺ ረጅሟ ልጅ የት እንዳለች ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉት ሽማግሌው። «ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብታለች። ጠዋት ጠዋት በዚህ ታልፋለች፤ ሰላም ትለኛለች።» ማስመሪያውን በብብታቸው አስተካክለው፣ «እኔ ደመና እየቆጠርኩ ያቆየኋትን ልጅ» አሉ፣ «እርስዎ በአንድ ክፍለ ጊዜ አወጧት።»

መምህሩ ቤቱ ሄዶ ጥቅሉን አነሳ።

ልብስ ማጠቢያው ረጅም፣ ጣሪያው በእንፋሎት ላብ የወረዛ አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን ትልልቅ ማሽኖች ይሽከረከራሉ፤ በሌላው ሁለት ሁለት ሴቶች እርጥብ አንሶላ በአራት ማዕዘን ይዘው መተኮሻው ውስጥ ይከታሉ፤ በወዲያኛው ጫፍ ሌሎች ሁለት ተቀብለው ያጥፋሉ። ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። ሸንበቆን ከሩቅ ለያት፤ ከሁሉም በላይ ወጥታ ትታያለች። ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች። እጅጌው እስከ እጇ አንጓ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል።

አለቃዋ ዐሥር ደቂቃ ሰጧት። ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እጆቿ ከሙቀቱ የተነሣ ቀልተው፣ ጣቶቿ ላይ ቆዳዋ ተልጧል።

«ደህና ነዎት ቲቸር?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ልብሱን እነሱ ናቸው የሚሰጡት» አለች ቱታዋን እያሳየች። «ትልቅ ቁጥር ነበራቸው።»

ጥቅሉን ሰጣት። ወረቀቱን ሳትቀድ ቀስ ብላ ፈታችው፤ ቀሚሱን በቁመቷ ልክ አድርጋ ለካችው። ከጉልበቷ በታች አለፈ። ጠርዙን ገልብጣ አየች፤ ሚስቱ ውስጥ ውስጡን አራት ጣት ሙሉ እጥፋት ትታለታለች።

«ውይ፣ ብዙ ትተውለታል» አለች። «ገና ታድጋለች ብለው ነው?» እንደ ድሮዋ ሳቅ አለች። መምህሩ የመጣበትን ነገር፣ መንገዱን ሙሉ ሲደረድረው የነበረውን ይቅርታ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ቀደመችው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን፣ ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ፣ አየሁዎት። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ያን ሰዓት ትዝ ብሎዎት ነበር?»

ሃያ አራት ዓመት የለመደው ነገር ምላሱ ላይ መጣ። «ለምን ጠየቅሽኝ?» ሊላት ነበር። እንዲህ ቢላት ልጅቷ ማሰብ ትጀምራለች፤ ምናልባትም ሳታገኘው ትቀራለች። ዋጠው።

«አዎ» አለ። «ትዝ ብሎኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ቀሚሱን በዱሮ እጥፋቱ አጣጥፋ፣ ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ለእትዬ አመሰግናለሁ ይበሉልኝ። ሌላ ረጅም ልጅ አትጠፋም።»

ተነሣች። ከውስጥ አንሶላ የያዘችው ሴት ጓደኛዋ «ነይ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ሸንበቆ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«ይኸውልዎት፣ ከእናቴ ጋር አንድ ወር ሙሉ ስንከራከር ነበር» አለች። «እሷ ‹ያውቅ ነበር› ትላለች። እኔ ደግሞ የስንቱን ልጅ ደብተር ነው የሚያነቡት፣ የኔን የት ያስታውሱታል እያልኩ እጣላት ነበር። ዛሬ ቤት ስገባ ልክ ነሽ እላታለሁ።»

ይህን ብላ ገባች፤ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘች።